በገ እና በጠ መካከል

ዳንግላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለስማቸው የበኩር ልጅ ለኦሪት፤ ባለሽበት አገር ብርዱም ሰዉም ይራራልሽ፣ የሚካኤል ክንፍ ይጋርድሽ። እኔም፣ እትዬሽ ልክየለሽም፣ ፈረሱም ጭምር እግዜር ይመስገን አለን።

ይህን ስታዪ «ማን ጻፈለት?» ማለትሽ አይቀርም። ማንም። እኔው እንየው፣ የዳንግላው ባለጋሪ፣ በገዛ እጄ። የጎልማሶችን የማታ ትምህርት ሰኔ ላይ ጨርሼ ወረቀት ተሰጥቶኛል። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ ዓይኑ ስለደከመ ነው የበለጥከው የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ ቢደርስሽ አትስሚያቸው። አሁን በከተማው ያላነበብኩት የሱቅ ማስታወቂያ የለም። ፈረሱ በየማስታወቂያው ሥር መቆም ለምዷል፤ ያልለመደው ተሳፋሪው ነው።

ለዚህ ያበቃኝ ግን ትጋት እንዳይመስልሽ፤ ሚስቴ ናት። አባትሽ ነግሮሽ እንደሆነ፣ ካቻምና ባሕር ዳር ወስደናት ማንቁርቷን አወጡት። ነፍሷ ተረፈች፣ ድምፅዋ እዚያው ቀረ። ልጃችን ሽመክት ያን ጊዜ ኮምፒውተር ተምሮ፣ ሥራ አጥቶ፣ ቤት ተቀምጦ ነበርና አንድ ፕሮግራም ሠራላት። የፊደሉን ድምፅ አንድ በአንድ በራሱ አፍ ቀዳ። ኪቦርድ ገዝቶ በየቁልፉ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ጻፈበት፤ ለፊደሉ ቤት አንድ ቁልፍ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላለው ደግሞ ቁጥር። እሷ ትጫናለች፣ አሮጌው ላፕቶፕ ድምፆቹን ገጣጥሞ ይናገርላታል። በልጇ ድምፅ ማለት ነው። ፊደሉንም እሱው አስቆጥሯት በአንድ ክረምት ለየች። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ስገባ በልጄ ድምፅ እሰደባለሁ። ምን እየጻፈች እንደሆነ ቀድሜ ሳላውቅ መሰደብ ቢያንገሸግሸኝ ነው ትምህርት ቤት የገባሁት።

ችግሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ሊሞት ነው። ሞቅ ሲለው ይጠፋል፣ እሷም አብራው ትጠፋለች። አንድ ዘመድ አዲስ ታብሌት ሰጥቶን እንጅባራ ወስጄ ለጠጋኙ ባሳየው፣ «ፕሮሰሰሩ ሌላ ነው፤ ይህ ፕሮግራም የዚያኛውን ቋንቋ እንጂ የዚህን አይናገርም» አለኝ። «እንግዲያው ማታ ማታ አስተምረው» ስለው ሳቀብኝ። አባትሽ ግን ሥራሽ በትክክል ይኸው ነው ይላል። ፕሮግራሙን በፍላሽ አስቀድቻለሁ። ኔትወርኩ ጠፍቶ ነውና የሚሰነብተው፣ ደብዳቤውም ፍላሹም በሰው እጅ አዲስ አበባ ላለችው ጓደኛሽ ለዮዲት ይደርሳሉ።

ሽመክት ሩቅ አገር ሥራ ላይ ነው።

እንየው፣ ባለወረቀቱ


ድሬስደን፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አያ እንየው፤ እርስዎና እትዬ ልክየለሽ በጤና እንድትቆዩልኝ ምኞቴ ነው። እኔ ደኅና ነኝ፤ ብርዱ ገና መጀመሩ ነው። ጽሕፈትዎን ሳየው ከእኔ እንደሚያምር ለአባቴ ነገርኩት። አማርኛዬ ከተጣመመ ይቅር ይበሉኝ፤ እዚህ የምጽፈው ለማሽን ነው።

ጠጋኙ ያለዎት ልክ ነው። ፕሮግራም ሲሠራ መጀመሪያ ሰው በሚያነበው ጽሑፍ ይጻፋል። ከዚያ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ብቻ ወደሚገባው ትዕዛዝ፣ ማለትም ወደ ቁጥር፣ ይለወጣል። ፍላሹ ላይ ያለው ይህ ቁጥር ነው። ለታብሌቱ ማሻገር የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ አጠገቡ ሆኖ እያንዳንዱን ትዕዛዝ እየሰማ የሚያስተረጉም ሌላ ፕሮግራም መጫን ነው። ይህ ለዚያች ታብሌት ይከብዳታል፤ እትዬ ልክየለሽ አንድ ቃል እስኪወጣ መጠበቃቸው ነው። ሁለተኛው የእኔ ሥራ ነው፦ ፕሮግራሙን ሳያስኬዱ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ ሙሉውን አስቀድሞ ተርጉሞ መጨረስ። እንዲህ የተተረጎመ ፕሮግራም ፈጣን ነው። አደጋው ግን፣ ተርጓሚው ያላየው ነገር ካለ በኋላ የሚጠይቀው ሰው የለም።

ከሁሉ የሚቀለው ሽመክት በእጁ የጻፈውን ጽሑፍ ማግኘት ነው። እሱ ካለ ድካምም የለበትም። ባለበት ስልክ የሚገባ ከሆነ ይጠይቁልኝ። ወይም ቁጥሩን ይላኩልኝና እኔው ልደውልለት።

አክባሪዎ ኦሪት


ዳንግላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦሪት፤ ጤናሽን የሚጠብቅ አምላክ እንጀራሽንም ያብዛልሽ። እኛ ደኅና ነን፤ እኔማ ደኅና ብቻ አይደለሁም፣ የሰፈሩ ደብዳቤ አንባቢ ሆኜልሻለሁ። የሰው ምስጢር ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።

ያልሽው ገብቶኛል፣ እንዲያውም ከአንቺ በፊት ገብቶኝ ነበር። የመጀመሪያው መንገድ የወረዳ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ለምስክርነት ሄጄ ሳይ፣ አንድ ገበሬ የከብቱን ዘር ማንዘር እየቆጠረ በአገውኛ ሲናገር ቆይቶ ቆይቶ ቢጨርስ፣ አስተርጓሚው «አላየሁም ነው የሚለው» ብሎ ቁጭ አለ። ሁለተኛው ይሁንልን።

ስለ ጽሑፉ፤ የጻፈበት ኮምፒውተር አብሮት ሄዷል። ካለበት ስልክ አይገባም። ሥራው እንደዚያ ነው።

ልክየለሽን ቅዳሜ ገበያ ይዣት ወጣሁ። ላፕቶፑን ጋሪው ላይ፣ ኪቦርዱን ጭኗ ላይ። ሽንኩርት ሻጯን «ትናንት የበሰበሰውን ዛሬ ትሸጫለሽ» ብላ በጎረምሳ ድምፅ ብትናገራት፣ ሴትዮዋ ከጋሪው ሥር ወንድ ትፈልጋለች። ገበያው ሁሉ ሳቀ። ልክየለሽም ሳቀች፤ ሳቋ ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ነው የሚስቀው። ከዚያ ፀሐይዋ በረታችና ላፕቶፑ ጠፋ። መልስ ሊሰጧት የሚጠብቁት ሁሉ ቆመው ቀሩ። እሷ ኪቦርዱን በነጠላዋ ሸፍና እስከ ቤት አንገቷን ደፍታ ሄደች።

አሁን የሚሠራው ማለዳ በብርዱ ብቻ ነው። በቀን አንድ ጊዜ የምትናገር ሚስት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ራሴ ነበርኩ የምለው። አሁን አልልም።

እንየው


ድሬስደን፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ እንየው፤ በዓሉን በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የገበያውን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ።

ሥራው ወደ ማለቁ ነው። ሽመክት ጎበዝ ነው፤ የእጁን አመል ለመድኩት። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ለብቻው ትዕዛዝ ጽፎለታል። ቁልፉ ሲጫን ፕሮግራሙ ሠንጠረዥ ያያል፣ የሀ ከሆነ ወደዚህ፣ የለ ከሆነ ወደዚያ ይዘላል። እኔ ሳላስኬደው ስለምተረጉም፣ የሚዘልባቸውን ቦታዎች ሁሉ አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ። ሁሉንም አግኝቻለሁ፣ ከአንድ በስተቀር።

ሽመክት ቤቶቹን የቆጠረው በራሱ አቆጣጠር ነው። በዚያ ሠንጠረዥ የገ ቤት ካለቀ በኋላ፣ የጠ ሳይጀምር፣ አንድ ቤት ገብቷል። የሚያመለክተው ድምፆች ወደተከማቹበት መሃል ነው። እዚያ ያለው ቁጥር ትዕዛዝ ይሁን የድምፅ ቁራጭ ይሁን አለየልኝም፤ ለማሽን ሁለቱም ቁጥር ነው። ዋናውን ፕሮግራም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ያንን ቤት ብሞክረው ፕሮግራሙ ተዘጋ። ስለዚህ ወይ ጀምሮ የተወው ነው፣ ወይ እኔ የማላውቀው ፊደል ነው። ድምፅን ትዕዛዝ ነው ብዬ ብተረጉም ሌላውንም ያበላሽብኛል፤ ትዕዛዝን ድምፅ ነው ብዬ ብተው ደግሞ ያ ቤት ድዳ ይሆናል።

እባክዎ፣ በገ እና በጠ መካከል ፊደል አለ? እትዬ ልክየለሽን ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል፤ በየቀኑ የሚጫኑት እሳቸው ናቸው።

የሽመክትን የድሮ ስልክ ቁጥር ከአባቴ ወስጄ ብሞክረው አይጠራም። ሰላም ነው?

ኦሪት


ዳንግላ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦሪት፤ ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ሥራሽን ይባርክልሽ።

ጥያቄሽ ሲደርሰኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ጀርመን አገር ተቀምጣ በማሽን የምትጠበብ ልጅ ስለ ፊደል ዳንግላ ድረስ ልካ ባለጋሪን ትጠይቅ! እንግዲያው ከምንጩ ስሚ። በምረቃችን ቀን ከወረዳ የመጣው ኃላፊ ፊት ቆሜ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ሳልተነፍስ ያልኩት እኔ ነኝ። ደ፣ ጀ፣ ገ፣ ጠ። ከገ ቀጥሎ ጠ። በመካከላቸው ነፋስም አያልፍም። የክፍላችን ገበታም ይህንኑ ነው የሚለው። አለ የሚልሽ ካለ የማታ ትምህርት ያልገባ ነው።

ልክየለሽን መጠየቅ አላስፈለገኝም። እሷ ፊደል የቆጠረችው ቤት ውስጥ ነው፤ ወረቀት ያለኝ እኔ ነኝ። ያንን ቤት ዝጊው።

ደግሞም አሁን ብጠይቃት አትመልስልኝም። ላፕቶፑ ባለፈው ሳምንት ሞተ። እንጅባራ ወስጄው ነበር፤ ሃርድ ዲስኩም አብሮ ተቃጥሏል ተባልኩ። ፍጠኚልን ልጄ። ቤታችን ውስጥ የእኔ ድምፅ ብቻ ቀርቷል፤ እኔም እንደምታውቂኝ ብዙ ነው የማወራው፣ ግን ለካ የሚያወራው የሚሰድበው ሲኖር ነው።

እንየው


ድሬስደን፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ እንየው፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ።

ጨርሻለሁ። ፕሮግራሙ በዚህ ትንሽ ካርድ ላይ ነው፤ ታብሌቱ ጎን ያስገቡት፣ ኪቦርዱን አብሮ በተላከው ማገናኛ ይሰኩት። የሽመክት ድምፅ አንዱም አልተነካም። በገ እና በጠ መካከል ያለውን ቤት እንዳሉኝ ዘግቼዋለሁ፤ በስሕተት ቢነካ እንኳ ዝም ይላል እንጂ አይጠፋም።

የመጀመሪያውን ቃል ምን እንዳሉ ይጻፉልኝ።

ኦሪት


ዳንግላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦሪት፤ እንኳን አብሮ አደረሰን።

ደረሰ። የስቅለት ዕለት ሰካነው። የመጀመሪያ ቃሏ «ጫማህን አውልቅ» የሚል ነበር። ሳወልቅ እንባዬ መጣ፤ ወለሉ ቀዝቅዞኝ ነው በይልኝ። ሁሉም ይሠራል። ለእጅሽ እድሜ ይስጠው። ሌላ የምለው የለኝም።

እንየው


ድሬስደን፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ እንየው፤ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

ደብዳቤዎ አጭር ሆነብኝ። እርስዎን በአራት መስመር አላውቅዎትም። ደግሞም በእኔ ሥራ «ሁሉም ይሠራል» የሚል ሰው ያስፈራኛል፤ የተተረጎመ ፕሮግራም መጀመሪያ ቀን አንድ ቦታ መሳቱ አይቀርም። የሚያቋርጥበት ቃል ካለ ይንገሩኝ፣ አስተካክለዋለሁ። እትዬ ልክየለሽ ራሳቸው ጥቂት መስመር ቢጽፉልኝ ደግሞ ደስታዬ ነው።

ስለ ሽመክት ከእንግዲህ አልጠይቅዎትም።

ኦሪት


ዳንግላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኦሪት፤ እግዜር ከክፉ ይሰውርሽ። መልሴ የዘገየው ሰው ጠፍቶ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በደጄ ሲያልፍ እያየሁ ነው ያሳለፍኩት።

ሁሉም ይሠራል ያልኩሽ ውሸት ነው። ኪቦርዱ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች። ገ ትመስላለች፣ ግን እንደ ካባ ትርፍ ነገር የደረበች ገ ናት። ሽመክት ሲጽፍ እጁ ስቶት መስሎኝ ነበር። ክፍላችን ገበታ ላይ የለችም፤ ገበታው ላይ ያላየሁት ደግሞ ለእኔ ፊደል አልነበረም። አስተማሪዬን ምሥራቅን ቤት ጠርቼ ባሳያት፣ «አያ እንየው፣ ይህች ጘ ናት። የአገውኛ ፊደል ናት። በቀን የሚማሩት አንደኛ ክፍሎች ያውቋታል» አለችኝ። ምሥራቅ እኛን ያስተማረችን በአማርኛ ነው፤ እኔም ስለ አገውኛ ጠይቄያት አላውቅም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔ ጠምጥሜ ነው የሄድኩት።

ልክየለሽ የምታወራኝ በአገውኛ ነው። አማርኛን ለገበያ፣ ለእንግዳና ለቁጣ ነው የምታስቀምጠው። በአፋችን ን እና ግ ተጣብቀው በአፍንጫ እንደሚወጡ ያለች ድምፅ አለች። ቤት ስንል አለች፣ ሁለት ስንል አለች። እሱ ስንል ደግሞ ከእሷ በቀር ምንም የለም፤ ቃሉ አንዲት ፊደል ነው። ጚ። የዚያች ቤት ሣልስ። ልክየለሽ ልጇ ከሄደ ወዲህ ስሙን አትጠራም፣ ጚ ነው የምትለው። ጚ ደወለ ወይ? ጚ ያለበት አገር ይበርዳል ወይ? አንቺ የላክሽው ታብሌት እዚያች ፊደል ላይ ሲደርስ ጭጭ ይላል። ደግማ ትጫናለች። ጭጭ።

የመጀመሪያ ቀን ይህን ሳይ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ። እፎይ አልኩ። ያቺን ጥያቄ ከመመለስ ገላገልሽኝ።

ሽመክት ሞቷል። በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጥቶ ጀልባዋ ተገለበጠች። አብሮት የነበረ ምህረቴ የሚባል የአዘና ልጅ ተርፎ፣ ኔትወርክ ብቅ ባለ አንድ ቀን ደውሎ ነገረኝ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ አውቅ ነበር። የነፍስ አባታችንም ያውቃሉ። ቁስሏ እስኪጠግግ እንጠብቅ፣ ከዚያ ሽማግሌ ይዘን በወጉ መርዶ እንነግራታለን ተባብለን ነበር። ቁስሏ ጠገገ። እኔ ግን ዛሬ ነገ አልኩ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይኸው ነው።

አሁን መጫኑን ትታለች። ኪቦርዱን በጨርቅ ጠቅልላ መደርደሪያ ላይ ሰቅላዋለች። በአማርኛ መናገር ትችላለሽ እኮ ብላት ፊቷን አዞረች። ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ሰው ሲመጣ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ያቺን ፊደል መልሺላት። መርዶውን ለመስቀል ማግስት ቆርጠናል፤ ከዚያ በፊት ብትጠይቀኝም ትጠይቀኝ። ዝምታዋን ከዚህ በላይ አልችለውም።

እንየው


ድሬስደን፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ እንየው፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በወረቀት ከዚህ የሚበልጥ ማለት አልቻልኩም። ጠርጥሬ ነበር፤ ልጠይቅዎት ደግሞ አልደፈርኩም። ወራት ሙሉ ሌላ ድምፅ ሳልሰማ የእሱን ድምፅ ነው ሳዳምጥ የከረምኩት።

ፊደሏን አገኘኋት። የድምፅ ቁራጭ ነው ብዬ የተውኩት ውስጥ ነበረች፤ ትዕዛዝ ናት። አሁን ተተርጉማለች። ስሕተቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። አባቴ አዲስ አበባ ሲያሳድገኝ ልጆች እንዳይስቁብኝ ብሎ አገውኛ አላስተማረኝም፤ ቢያስተምረኝ እርስዎን ባልጠየቅሁ።

አንድ ነገር ግን ጎድሏል። ሽመክት ይህችን ቤት ከሌሎቹ በኋላ የጨመራት ይመስላል። ሰባቱን ድምፆቿን ፕሮግራሙ ውስጥ ሳያስገባ ለብቻ በሌላ ፋይል ነው ያስቀመጣቸው፤ ያ ፋይል ፍላሹ ላይ አልተቀዳም። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስሞክረው የተዘጋውም ለዚህ ነበር። ላፕቶፑ ተቃጥሏል ብለውኛል። ስለዚህ ሰባቱን ሰው መልሶ መቅዳት አለበት። ታብሌቱ ራሱ እንዲቀዳ አድርጌዋለሁ፤ ቁልፉን ጫን አድርገው ይዘው ይናገሩ። ከሌላ ሰው እርስዎ ቢሆኑ ይሻላል፤ የአባትና የልጅ ድምፅ ይቀራረባል። ቅጂውን ከላኩልኝ ደግሞ ወደ እሱ ድምፅ ላስጠጋው እችላለሁ።

ከመርዶው በፊት ይሁን በኋላ እርስዎ ያውቃሉ።

ኦሪት


ዳንግላ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኦሪት፤ አዲሱን ዓመት የምሕረት ያድርግልሽ። እኛ አለን።

ካርዱ በአዲስ ዓመት ማግስት ደረሰ። መስቀል እስኪያልፍ መጠበቅ አቃተኝ። ጋጣ ገብቼ በሩን ዘግቼ ቀዳሁ። ድምፄን አቅጥኜ እሱን መስዬ ነው የቀዳሁት፤ ፈረሱ ዞሮ አየኝ። እኔ ሰው መምሰል የምችል ነኝ፤ የወረዳውን ኃላፊ፣ ቄሱን፣ የባጃጅ ሹፌሮቹን አስመስዬ ከተማውን ሳስቅ የኖርኩ ነኝ። ሣልሷ ላይ ስደርስ ደጋግማ ተበላሸችብኝ። በመጨረሻ ደኅና ወጣች ብዬ ተውኳት።

ኪቦርዱን ከመደርደሪያ አውርጄ ጨርቁን ፈትቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። ኦሪት ሠርታታለች፣ ሞክሪያት አልኳት። እጇን ዘረጋች። ሁለት አለች። ፊደሏ በቃሉ መሃል ተደብቃ አለፈች። ደስ አላት፤ ትከሻዋ ነቃነቅ አለ። እኔም እንየው የማይችለው ምን አለ ብዬ ልቤ ሊያብጥ ነበር። ከዚያ ጚ አለች።

ጚ ብቻዋን ናት። የምትደበቅበት ቃል የላትም።

ጣቷን አነሳች። ቁልፉን አየችው። ደግማ ተጫነች፣ አዳመጠች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ አንገቴን፣ ጉሮሮዬን ነው የምታየው። ኪቦርዱን ወደ ራሷ ስባ በአማርኛ ጻፈች። የቁጣው ሰዓት መጣ ብዬ ነበር፤ ቁጣ አልነበረም።

«አንዲት ፊደል ናት። እሱ ካለ፣ ለምን እሱ አላላትም?» አለላት ታብሌቱ። ይህን ያለው በሽመክት ድምፅ ነው።

መሬት መሬት አየሁ። እሷም መልስ አልጠበቀችም። ተነስታ ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች፤ ዘቅዝቃ ለበሰችው። መርዶ ነጋሪ ሳይመጣ፣ ሽማግሌ በር ሳያንኳኳ፣ ለብሳ ጨረሰች። ቄሱን ልጠራ ስወጣ ጎረቤቶቹ ከፊቴ አይተው ነው የገቡት።

ሴቶቹ ገብተው አለቀሱ። እናት ቀድማ ስትጮህ ነው ሌላው የሚከተላት፤ እሷ ግን የምትጮህበት ጉሮሮ የላትም። መሃላቸው ተቀምጣ ኪቦርዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ያቺን አንዲት ፊደል ተጫነች። ጚ። ሴቶቹ ዝም አሉ። ጚ። ከዚያ ተቀበሏት። እሷ ትጫናለች፣ እነሱ ያለቅሳሉ። እኔ ከወንዶቹ ጋር ውጭ ድንኳን ሥር ዓይኔን አድርቄ ተቀምጬ ነበር፤ ወንድ ልጅ ችሎ ነው እያሉ ያጽናኑኛል። ድምፄ ግን ቤት ውስጥ መሃል ተቀምጦ ያለቅሳል፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ይሰማዋል።

ወደ እሱ ድምፅ ላስጠጋው ያልሽኝን ተይው። እኔም ልሰርዘው ብዬ ጠይቄያት ነበር። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባትሪው አለቀ። ሴቶቹን አየኋቸው፣ እንዴት እንደሚቀጥሉ ጠፍቷቸዋል። መብራት አልነበረም። ታብሌቱን ከጭኗ አንስቼ ጋሪውን ጠምጄ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ባለሱቁ እንየው ዛሬ ምን ተገኘ ቢለኝ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። እስኪሞላ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ መልሼ ወስጄ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

እንየው